ሥራው በሎግ ምክንያት አይቁም፦ ተሰኪ ሎገር ለሰርቨር እንዴት ይሠራል

እንጦጦን ተሻግራችሁ በጎጃም መንገድ ስትወርዱ ሱሉልታን ታገኛላችሁ። ወተቷ ይታወቃል። እዚያ ጠዋትና ማታ ወተት ለሚረከብ አንድ ማኅበር የመረከቢያውን ሰርቨር የሠራሁት እኔ ነኝ። ሥራው ቀላል ነው። ተረካቢዋ ወተቱን በላክቶሜትር ታያለች፣ ትለካለች፣ ቁጥሩን ታብሌት ላይ ታስገባለች። ሰርቨሩ ይመዘግብና ለባለወተቱ ደረሰኝ ያወጣል።

አንድ ቀን ማታ 12 ሰዓት ሊሆን ሲል ደረሰኙ መውጣት አቆመ። ታብሌቱ «አልተመዘገበም» ይላል። ተረካቢዋ ደግማ ብትሞክርም ያው ነው። ሰልፉ በር ድረስ ደርሷል። እኔ ላፕቶፔን ከፍቼ ስፈልግ ቢጫ ጀሪካን የያዙ አንዲት እናት ጠጋ ብለው «ልጄ፣ እሱን ተወውና በወረቀት ጻፉልን። ወተት እንዲህ ቆሞ አይጠብቅም» አሉኝ። «እሺ እማማ» አልኩና ደብተር አውጥተን በእጅ መጻፍ ጀመርን።

ጥፋቱ የኔ ነበር። ዳታቤዙ ደህና ነው። ኔትወርኩም ደህና ነው። የሞላው ሎግ፣ ማለትም ሰርቨሩ የሠራውን በየመስመሩ የሚጽፈው ማስታወሻ፣ የሚቀመጥበት ዲስክ ነው። ከ3 ሳምንት በፊት አንድ ስህተት ለማደን ብዬ እያንዳንዱን ጥቃቅን ነገር የሚጽፈውን ዲበግ ሎግ ከፍቼ ነበር። ስህተቱ ተገኘ፤ ዲበጉን ግን ሳልዘጋው ቀረሁ። ፋይሉ አብጦ አብጦ ዲስኩን ሞላው። ሎግ የሚጽፈው መስመርም ኤረር ወረወረ። ያ መስመር የነበረው ርክክቡን በሚመዘግበው ፈንክሽን መሃል ነው። ስለዚህ ርክክቡን ይዞት ወደቀ። የ12 ሊትር ወተት ምዝገባ የተሰረዘው «ወተት ተረክቤያለሁ» የምትል አንዲት መስመር መጻፊያ ቦታ ስላጣች ነው።

ፋይሉን ስሰርዘውም ዲስኩ አልቀለለም። ሊኑክስ ላይ አንድ ፕሮሰስ ከፍቶ የያዘውን ፋይል ብትሰርዙ ስሙ ይጠፋል እንጂ ቦታው አይለቀቅም። ፕሮሰሱ ፋይሉን እስኪዘጋው ድረስ ቦታው እንደተያዘ ነው። ነገሩ የተፈታው ሰርቨሩን ሪስታርት ሳደርግ ነው።

ከዚያ ወዲህ በምሠራው ሰርቨር ሁሉ አንድ ነገር አጥብቄ እይዛለሁ። ሥራውን የሚሠራው ኮድ ሎጉ የት እንደሚሄድ ማወቅ የለበትም። በሎጉ ምክንያት መቆምም የለበትም። ግድግዳ ላይ ያለ ሶኬት ምጣድ ይሰካበት ቻርጀር ግድ የለውም፤ አንዱ ዕቃ ሾርት ቢያደርግ ደግሞ ቤቱ በሙሉ እንዳይቃጠል ብሬከር አለ። ሎገርንም እንደዚያ እንሠራዋለን።

ኮዱን በአማርኛ ቃላት ነው የማሳየው። በምትሠሩበት ቋንቋ ገልብጡት።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ቋንቋችሁ ምን አለው?

ብዙዎቹ ቋንቋዎች ይህን ነገር አዘጋጅተው ይሰጣሉ። ፓይተን ከስሪት 2.3 ጀምሮ ሎጊንግ የሚባል ሞጁል አለው፤ ሎግ የሚወጣበትን ቦታ ሀንድለር ይለዋል። ዶትኔት አይሎገር እና አይሎገር ፕሮቫይደር አለው። ጎ በስሪት 1.21፣ በ2023፣ ኤስሎግን ጨምሯል። ጃቫ ላይ ኤስኤልኤፍ4ጄ፣ ፒኤችፒ ላይ ፒኤስአር-3፣ ኖድ ላይ ዊንስተን እና ፒኖ አሉ። ካላችሁ ተጠቀሙባቸው። አዲስ መፈልሰፍ አያስፈልግም። ግን ውስጣቸው ምን እንደሚሠራ ካላወቃችሁ እኔ የገባሁበት ጉድጓድ ውስጥ ትገባላችሁ። የራሳችሁን መውጫ ስትጽፉላቸውም ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ያስፈልጋችኋል።

1. ያለውን ሰብስቡ

ኮዳችሁን ክፈቱና ፕሪንት የሚለውን ሁሉ ፈልጉ። በቀጥታ ፋይል ከፍቶ ሎግ የሚጽፈውንም ጨምሩ። እያንዳንዱን ስታዩ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ይህ መስመር ቢጠፋ ማን ይጎዳል?

የሚጎዳው እናንተ ብቻ ከሆናችሁ ሎግ ነው። ስህተት ስትፈልጉ ትቸገራላችሁ፤ ከዚያ አያልፍም። የሚጎዳው ባለወተቱ ከሆነ ግን ሎግ አይደለም። ማን፣ መቼ፣ ስንት ሊትር አስረከበ የሚለው ገንዘብ የሚከፈልበት ነገር ነው። እሱ ዳታቤዝ ውስጥ ይግባ፣ ከርክክቡ ጋር በአንድ ትራንዛክሽን (ወይ ሁሉም ይመዘገባል፣ ወይ ምንም)። መመዝገብ ካልቻለ ሥራው መቆሙ ልክ ነው። ሁለቱን ሳትለዩ «ሎግ ቢወድቅም ሥራው ይቀጥል» ብትሉ የሰው ሒሳብ ታጠፋላችሁ። ስለዚህ ይህን ደረጃ አትዝለሉ።

2. ውሉን ጻፉ

ውል የምለው ኢንተርፌሱን ነው። ማንኛውም የሎግ መውጫ፣ ኮንሶልም ይሁን ፋይል ወይም ቴሌግራም፣ እነዚህን አራት ብቻ ያሟላል፦

መውጫ፦
— ክፈት()
— ጻፍ(መዝገብ)
— አራግፍ()
— ዝጋ()

ብዙ ሰው አራግፍን ይረሳዋል። በመሃል የተጠራቀመ ካለ አሁኑኑ አውጣው ማለት ነው። ሰርቨሩ ሊዘጋ ሲል የመጨረሻዎቹን መስመሮች የሚያተርፋችሁ እሱ ነው። ብዙ ጊዜ የምትፈልጉትም የመጨረሻዎቹን መስመሮች ነው።

ጻፍ የሚቀበለው የተዘጋጀ ጽሑፍ ሳይሆን መዝገብ ይሁን። ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። ጽሑፍ ብቻ ካቀበላችሁ ቴሌግራሙ አጭር፣ ፋይሉ ዝርዝር የሚጽፍበት መንገድ አይኖርም። መዝገቡ እነዚህን ይያዝ፦ ጊዜ፣ ተራ ቁጥር፣ ደረጃ፣ ምንጭ፣ መልእክት፣ ዝርዝር፣ ስህተት። አንዱ ሲሞላ ይህን ይመስላል፦

ጊዜ፦ 2025-01-23 04:12:07
ተራ፦ 1841
ደረጃ፦ ኢንፎ
ምንጭ፦ ርክክብ
መልእክት፦ ወተት ተመዘገበ
ዝርዝር፦ የአቅራቢ መለያ 207፣ ሊትር 12.5፣ ጊዜ የወሰደው 38 ሚሊ ሰከንድ

መልእክቱ ቋሚ ነው። የሚለዋወጠው ሁሉ ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። «12.5 ሊትር ከ207 ተመዘገበ» ብላችሁ አንድ ላይ ብትሰፉት በኋላ የ207ን ብቻ መፈለግ ያስለቅሳችኋል።

ለደረጃዎቹ ቁጥር ስጡ፤ ስትሰጡ ግን ተጠንቀቁ። ፓይተን ላይ ዲበግ 10 ነው፣ ኢንፎ 20፣ ዋርኒንግ 30፣ ኤረር 40፣ ክሪቲካል 50። ቁጥሩ ሲያድግ ነገሩ ይከፋል። ሲስሎግ (የዩኒክስና የሊኑክስ የቆየ የሎግ ሥርዓት) ላይ ግን ግልባጭ ነው፤ 0 የባሰው አደጋ፣ 7 ዲበግ። ሁለቱን የሚያገናኝ መውጫ ስትጽፉ የማነጻጸሪያ ምልክቱ ከተገለበጠ ዲበጉን በሙሉ ልካችሁ ኤረሩን ትውጣላችሁ።

3. አስተባባሪውን ሥሩ

የሥራው ኮድ የሚያውቀው አስተባባሪውን ብቻ ነው። አስተባባሪው ደግሞ የመውጫዎችን ዝርዝር ይይዛል። ልቡ ይህ ነው፦

መዝግብ(መዝገብ)፦
— በዝርዝሩ ላለው ለእያንዳንዱ መውጫ፦
— — የመዝገቡ ደረጃ ከመውጫው ደረጃ ካነሰ እለፍ
— — ሞክር፦ መውጫ.ጻፍ(መዝገብ)
— — ስህተት ከመጣ፦ የመውጫውን የውድቀት ቆጣሪ በ1 ጨምር፤ መጠባበቂያው ላይ አንድ መስመር ጣል

«ሞክር» የሚለው በዙሩ ውስጥ መሆኑን ልብ በሉ። ውጭ ብታደርጉት የመጀመሪያው መውጫ ሲወድቅ ቀሪዎቹ ሳይጻፉ ይቀራሉ። ቴሌግራም እምቢ ስላለ ፋይሉም ባዶ ይሆናል ማለት ነው። የፓይተን ሀንድለሮችም እንዲህ ነው የተሠሩት፤ መጻፍ ሲያቅታቸው ስህተቱን ወደ ፕሮሰሱ የኤረር መውጫ (ስታንዳርድ ኤረር) ይጥሉታል እንጂ ወደ ሥራችሁ ኮድ አይወረውሩም።

መጠባበቂያው የፕሮሰሱ የኤረር መውጫ ይሁን። ሌላ ፋይል አታድርጉት። ዲስክ ከሞላ እሱም አይጻፍም። በደቂቃ ከአንድ መስመር በላይ እንዳይጥልም ገድቡት።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። መውጫው ራሱ ሎግ ካደረገ ክብ ይሆናል። ቴሌግራም መውጫ ኤችቲቲፒ ላይብረሪ ይጠቀማል። ላይብረሪው «ጥያቄ ላክሁ» ብሎ ሎግ ያደርጋል። ያ ሎግ ወደ ቴሌግራም ይሄዳል፤ እሱን ለመላክ ሌላ ጥያቄ ይላካል፤ እሱም ሎግ ይደረጋል። ማብቂያ የለውም። መፍትሔው የመውጫ ውስጥ ችግር ሁሉ ወደ መጠባበቂያው ብቻ እንዲሄድ ማድረግ ነው። ከዚያ የላይብረሪውን ምንጭ ስም ለቴሌግራም መውጫ ዝጉት።

4. የፋይሉ መውጫ

ኮንሶሉ ሦስት መስመር ኮድ ስለሆነ አልፈዋለሁ። ፋይሉ ላይ ግን ቆም እንበል። ከከተማ ወጣ ባለ ቦታ የሚሠራ ሰርቨር መጀመሪያ የሚደገፍበት እሱ ነው። ኔትወርክ ቢጠፋም ፋይል አለ።

መጀመሪያ መጠኑን ገድቡ። ስሌቱ ቀላል ነው። በቀን 800 ርክክብ አለ እንበል። ለእያንዳንዱ 6 መስመር፣ አንዱ መስመር 300 ባይት ቢሆን በቀን 1.4 ሜጋባይት ገደማ ነው። እያንዳንዱ 20 ሜጋባይት የሆነ 10 ፋይል ብትፈቅዱ 200 ሜጋባይት ይሆናል፤ ከ4 ወር በላይ ይበቃችኋል። ፋይሉ ሲሞላ ይዘጋል፣ ስሙ ይቀየራል፣ አዲስ ይከፈታል፣ ከ10 ያለፈው አሮጌ ይሰረዛል። በዚህ አሠራር ዲበግ ክፍት ሆኖ ቢረሳ የሚጠፋው የቆየው ሎግ ነው፤ ዲስኩ ግን አይሞላም።

ሎግሮቴት በሚባለው የሊኑክስ መሣሪያ የምትጠቀሙ ከሆነ መሣሪያው ለሰርቨራችሁ ፋይሉን ዘግቶ እንደገና እንዲከፍት ምልክት መላክ አለበት። አለበለዚያ ስሙ በተቀየረው ፋይል ላይ መጻፉን ይቀጥላል። ብዙ ፕሮሰስ አንድ ፋይል ላይ እየጻፈ እያንዳንዱ በራሱ ሊቀይር ከሞከረም መስመሮች ይጠፋሉ። ዶከር (ፕሮግራምን ኮንቴይነር በሚባል ሳጥን ውስጥ የሚያስኬድ መሣሪያ) ላይ ያላችሁ ደግሞ ይህን እወቁ፦ የተለመደው የዶከር ሎግ አያያዝ ገደብ ካልነገራችሁት መጠኑን አይገድብም። ከፍተኛ መጠኑንና የፋይል ብዛቱን ራሳችሁ አስገቡ።

ሁለተኛው መብራት ነው። የጻፋችሁት መስመር ዲስክ ላይ ከመድረሱ በፊት ሁለት ቦታ ያድራል። አንዱ የቋንቋችሁ ማጠራቀሚያ፣ ሌላው የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ነው። ፕሮግራሙ ብቻ ከወደቀ የሚጠፋው የመጀመሪያው ነው። መብራት ከሄደ ሁለቱም ይጠፋሉ። እስከ ዲስኩ ድረስ ግፋ የሚል ትእዛዝ አለ፤ ኤፍሲንክ ይባላል። ግን ለእያንዳንዱ መስመር ከተጠራ ሰርቨሩ ይንቀራፈፋል። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው፦ ኢንፎ በየሰከንዱ ይራገፋል፤ ኤረርና ከዚያ በላይ ወዲያው ይራገፋል፣ ኤፍሲንክም ይደረጋል። መብራት ሲሄድ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ገና ዲስክ ላይ ያላወረደውን ኢንፎ ላጣ እችላለሁ። የስህተቱ መስመር ግን አለ።

መብራት ሲመለስ ደግሞ የፋይሉ የመጨረሻ መስመር ተቆርጦ ልታገኙት ትችላላችሁ። ዝም ብላችሁ ከጻፋችሁበት አዲሱ መዝገብ ከግማሹ ጋር ተጣብቆ ሁለቱም ይበላሻሉ። ስለዚህ «ክፈት» ውስጥ የፋይሉን የመጨረሻ ባይት እዩ። የመስመር መዝጊያ ካልሆነ መጀመሪያ አንድ መዝጊያ ጻፉ። የሚያነበው ፕሮግራም ደግሞ ያልተሟላ መስመር ሲያይ ይለፈው እንጂ አይውደቅ። ቅርጹ ጄሰን (ስምና ዋጋን እያጣመረ የሚጽፍ የጽሑፍ ቅርጽ) ይሁን፣ አንድ መዝገብ በአንድ መስመር።

ሦስተኛው ፊደል ነው። ሱሉልታ ላይ ስም በግእዝ ፊደልም በቁቤም ይገባል። ፋይሉን ስትከፍቱ ዩቲኤፍ-8 (ፊደልን ወደ ባይት የሚቀይር ደንብ) ብላችሁ በግልጽ ተናገሩ፤ ለማሽኑ ምርጫ አትተዉት። አንድ የግእዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 3 ባይት ይወስዳል። ረጅም መልእክት በባይት ቆጥራችሁ ከቆረጣችሁ ፊደሉን መሃል ላይ ትሰነጥቁትና የጥያቄ ምልክት ይሆናል። በድሮው የሲስሎግ ልማድ አንድ መልእክት 1024 ባይት ነበር ጣሪያው። በአማርኛ ይህ 341 ፊደል ብቻ ነው። ቁረጡ ከተባለ በፊደል ቁረጡ።

5. የሩቁ መውጫ

እኛ አገር ሰው ቶሎ የሚያየው ቴሌግራም ነው። ኢሜይል እስኪከፈት ወተቱ ይረጋል። ስለዚህ ኤረር ሲመጣ ለቡድናችን ግሩፕ የሚልክ ቦት ሰካሁ። ይህ መውጫ ከፋይሉ በአንድ ነገር ይለያል፤ ሊዘገይ ይችላል። ኔትወርኩ ሲንተፋተፍ አንድ መልእክት ለመላክ 30 ሰከንድ ሊፈጅ ይችላል። ርክክቡ እሱን ቆሞ ከጠበቀ የዲስኩ ታሪክ በሌላ መልክ ተደገመ ማለት ነው።

ስለዚህ «ጻፍ» መልእክቱን አይልክም። ወረፋ ላይ አስቀምጦ ወዲያው ይመለሳል። ከበስተጀርባ ያለ አንድ ሠራተኛ ክር (ትሬድ) ከወረፋው እያወጣ ይልካል።

ወረፋው ጣሪያ ይኑረው፤ ለእኔ 1000 በቅቶኛል። ጣሪያ የሌለው ወረፋ ኔትወርክ ለግማሽ ቀን ሲጠፋ ሚሞሪውን ይበላና ሰርቨሩን ራሱን ይገድላል። ሲሞላ ምን ይሆን? አዲሱ ይጣል ወይስ አሮጌው? እኔ ዝቅተኛ ደረጃ ያለውን ቀድሜ እጥላለሁ። እኩል ከሆኑ አዲሱን እጥላለሁ፤ የችግሩ መነሻ ብዙ ጊዜ ከፊተኞቹ ውስጥ ነው ያለው። የተጣለውን ደግሞ ቁጠሩ። ኔትወርኩ ሲመለስ «በመሃል 412 መዝገብ ተጥሏል» የሚል አንድ መስመር ይሂድ። ሎግ ጎዶሎ ከሆነ ጎዶሎነቱን ይናገር።

መላክ ሲያቅት ወዲያው ደግሞ አይሞክር። 1 ሰከንድ፣ 2፣ 4፣ 8 እያለ እስከ 60 ሰከንድ ይራራቅ። እያንዳንዱ ሙከራም የጊዜ ገደብ ይኑረው፤ 3 ሰከንድ ይበቃል።

የቴሌግራምን ገደብም አክብሩ። አንድ መልእክት ከ4096 ፊደል አይበልጥም። ቦት ለአንድ ግሩፕ በደቂቃ ከ20 መልእክት በላይ እንዲልክ አይፈቀድለትም። ዳታቤዝ ሲወድቅ በደቂቃ መቶ ኤረር ይመጣል። ስለዚህ አንድ ዓይነቱን ኤረር አንድ ጊዜ ልካችሁ በ5 ደቂቃ ውስጥ የመጡትን ድጋሚዎች ቁጠሩና «ይኸው ስህተት 96 ጊዜ ተደግሟል» በሉ። መልእክቱን ቋሚ፣ ዝርዝሩን ለብቻ ያደረግነው እዚህ ይጠቅማል። አንድ ዓይነት መሆናቸውን የምታውቁት በመልእክቱ ነው።

ሲዘጋ ደግሞ «ዝጋ» ወረፋውን ለማራገፍ 5 ሰከንድ ይሞክርና ይውጣ። ዶከር ኮንቴይነር ሲያቆም እንዲዘጋ ከነገረው በኋላ የሚጠብቀው 10 ሰከንድ ነው፤ ከዚያ በኋላ ይገድለዋል። በዚያ ውስጥ ጨርሱ።

6. መሰካትና መንቀል

እስካሁን የሠራነው በኮድ ነው። መሰካት የሚባለው ግን ኮድ ሳይነካ ከኮንፊግ ፋይል ሲሆን ነው፦

መውጫዎች፦
— ኮንሶል፦ ደረጃ ኢንፎ
— ፋይል፦ ደረጃ ኢንፎ፣ መጠን 20 ሜጋባይት፣ ብዛት 10
— ቴሌግራም፦ ደረጃ ኤረር፣ ወረፋ 1000

ሰርቨሩ ሲነሳ ስሞቹን አንብቦ መውጫዎቹን ይሠራል። ስሙን ከክላሱ ጋር የሚያገናኝ ሠንጠረዥ በኮድ ውስጥ ራሳችሁ ጻፉ። «ፋይል» ከተባለ ይህን፣ «ቴሌግራም» ከተባለ ያንን። ሠንጠረዡ ላይ የሌለ ስም ከመጣ ሰርቨሩ አይነሳ። ሲነሳ ጮሆ መውደቅ ይሻላል። ማታ በርክክብ ሰዓት ሎግ እንደሌለ ከመረዳት ያድናል።

አንዳንዱ ሰው ኮንፊጉ ላይ የተጻፈውን ማንኛውንም የክላስ ስም በቀጥታ ይጭናል። ምቹ ነው፤ እኔ ግን አልመክርም። በታኅሣሥ 2014፣ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 2021፣ የወጣውን የሎግ4ጄ (የጃቫ ሎግ ላይብረሪ) ቀዳዳ አስታውሱ። ሎግ4ሼል ተባለ። የአደጋ ደረጃው ከ10 10 ነበር። ላይብረሪው በሎግ መልእክት ውስጥ የገባ ልዩ አጻጻፍ ሲያይ እንደ ትእዛዝ ተርጉሞ ከሩቅ ሰርቨር ኮድ ሊጭን ይችል ነበር። መልእክቱን የሚጽፈው ደግሞ ማንም የውጭ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ስሙን የሚሞላ ተጠቃሚ በቂ ነው። ሎግ ውስጥ የሚገባ ጽሑፍ ጽሑፍ ብቻ ሆኖ ይቅር። አይተርጎም፣ አይፈጸም። አዲስ መስመር የሚፈጥር ምልክት ስሙ ውስጥ ከገባም የሐሰት የሎግ መስመር ይሠራል፤ ጄሰን በትክክል ከጻፋችሁ ይህን ይይዝላችኋል።

የቴሌግራም ቦቱ ቶክን (የምስጢር ቁልፉ) ኮንፊግ ፋይሉ ላይ አይጻፍ። ከአካባቢ ተለዋዋጭ (ኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል) ይነበብ። የቦቱ አድራሻ ራሱ ቶክኑን ስለሚይዝ መላክ ሲያቅት የሚመጣው ኤረር አድራሻውን ከነቶክኑ ሊያትመው ይችላል። መጠባበቂያው ላይ ከመጣሉ በፊት ሸፍኑት።

7. ጊዜ እና የሰው ገመና

ባለወተቱ «ጠዋት 1 ሰዓት ከሩብ ላይ አስረክቤያለሁ» ይላል። ሰርቨሩ 07:15 ይላል። ሎጉ 04:15 ይላል። ሦስቱም ልክ ናቸው። ሎጉ ላይ ሁሌ ዓለም አቀፉን ሰዓት ጻፉ፤ የእኛ ከእሱ 3 ሰዓት ይቀድማል። ለሰው ስታሳዩ ብቻ ቀይሩት። በአገራችን አቆጣጠር ለማሳየት ከዓለም አቀፉ ላይ 3 ቀንሱ፤ 04:15 ሲቀነስ 1:15 ይሆናል። የፋይል ስም ላይም የፈረንጁን ቀን አድርጉ። በእኛው ካላንደር ካደረጋችሁት ጳጉሜን ላይ ወር 13 ሲመጣ ቀን አንባቢው መሣሪያ ይሰናከላል።

ተራ ቁጥር ያስገባሁበት ምክንያትም እዚህ ነው። እንደ ራስፕቤሪ ፓይ 4 ባለ ትንሽ ኮምፒውተር ላይ የሰዓት ባትሪ የለም። መብራት ሄዶ ሲመለስ ኢንተርኔት እስኪያገኝ ሰዓቱ የተሳሳተ ነው። ተራ ቁጥር ካለ የቱ ከየቱ እንደቀደመ ታውቃላችሁ።

ስልክ ቁጥር፣ የባንክ ሒሳብ፣ የይለፍ ቃል መውጫው ጋ ሳይደርስ አስተባባሪው ላይ ይሸፈን። ለእያንዳንዱ መውጫ ከተዋችሁት አንዱ ይረሳል። ከስልኩ የመጨረሻ 2 አኃዝ ብቻ ይቅር። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። አዋጁ ባይኖርም የአንዲት እናት ስልክ ቁጥር ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ምን ይሠራል?

8. ስበሩት

ሦስት የሙከራ መውጫዎች ጻፉ። አንዱ መዝገቡን ሚሞሪ ላይ ብቻ ያስቀምጣል፤ ትክክለኛው መስመር መጻፉን በሱ ታረጋግጣላችሁ። ሁለተኛው ሁሌ ኤረር ይወረውራል። ሦስተኛው 30 ሰከንድ ይተኛል። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ሰክታችሁ ርክክብ አድርጉ። ደረሰኙ በተለመደው ፍጥነት ከወጣ አልፋችኋል። ሦስተኛው ካቆመው መውጫውን ያለ ወረፋ ሰክታችሁታል ማለት ነው።

የሞላ ዲስክ ለመሞከር ዲስክ መሙላት አያስፈልግም። ሊኑክስ ዴቭ ፉል (/dev/full) የሚባል ልዩ ፋይል አለው። የጻፋችሁበት ሁሉ «ቦታ የለም» ይላችኋል። የፋይል መውጫውን ወደዚያ አዙሩና እዩ። ይህቺን ሙከራ ከዚያ ማታ በፊት አድርጌያት ቢሆን ሰልፉ አይቆምም ነበር።

ከዚያ ፕሮሰሱን በግድ ግደሉት። ቢቻል የመብራት ገመዱን ንቀሉ። ሲነሳ ፋይሉ ይነበባል? የተቆረጠው መስመር ቀጣዩን አበላሽቷል?

9. ሳታቆሙ ቀይሩ

የመጨረሻው ሰርቨሩ እየሠራ ደረጃ መቀየር ነው። ኮንፊጉ ሲቀየር አስተባባሪው አዲሱን የመውጫ ዝርዝር ለብቻው ይሥራ፣ ይክፈት፣ ሁሉም ከተከፈተ በአንድ ጊዜ ይተካ። አሮጌዎቹ ከዚያ በኋላ ይራገፉና ይዘጉ። መክፈት ያቃተው ካለ አሮጌው ዝርዝር እንዳለ ይቀጥል። አሮጌውን ቀድማችሁ ከዘጋችሁ በመሃል ያሉት መስመሮች የሚሄዱበት የላቸውም።

ዲበግን ለመክፈት ግን ኮንፊግ አትንኩ። ለብቻው ትእዛዝ ሥሩለት፤ ትእዛዙም የምንጩን ስምና ደቂቃውን የግድ ይጠይቅ። «ርክክብ፣ ዲበግ፣ 30 ደቂቃ»። ያለ ደቂቃ ከመጣ እምቢ ይበል። ጊዜው ሲያልቅ ማንም ሳይነካው ወደ ኢንፎ ይመለስና «የርክክብ ዲበግ ተዘግቷል» የሚል አንድ መስመር ፋይሉ ላይ ይጻፍ።